ከልጄ ጋር ሰዓቱን የዞርንበት ሳምንት

እንቅልፍን የሚንቅ ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ወንበር ስቤ፣ ሻይ አቅርቤ፣ የደረሰብኝን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። እኔም እንደሱ ነበርኩ። አላፍርበትም፤ ወይም አፍርበታለሁ፣ ግን እናገራለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። ከከተማው ምዕራብ ዳር ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር አለ፤ እኛ እዚያ ከተደረደሩት የኪራይ ፎቆች የአንዱ አምስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እኔ ቅየሳ ልማር መጥቼ፣ ቅየሳው ሲቀር አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ነጂ ሆኛለሁ። ሥራዬ የሚጀምረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ግን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ደህና ሰው እንዲህ ነው የሚነሳ ብዬ ነው። ተነስቼ የምሠራው ነገር የለም። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሌሎች ሰዎች ተኝተው መቅረታቸውን አስባለሁ። ይህንንም እንደ ሙያ ቆጥሬው፣ ሰው ቤት ስንጋበዝ ማንም ሳይጠይቀኝ አወራው ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አፌን ስከፍት ታውቃለች፤ "አሁን ስለ መነሳቱ ሊነግራችሁ ነው" ብላ ቀድማ ሰውን ታስጠነቅቃለች።

እግዜር እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ማህሌት የምትባል አንድ ልጅ ሰጠኝ፤ እሷም አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላት መነሳት አቃታት።

አቃታት ስላችሁ እንዲሁ የሰነፍ ማንቀላፋት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ እናቷ ትጠራታለች። ከዚያ ትነቀንቃታለች። ከዚያ ብርድ ልብሷን ትገፋታለች። ልጅቱ እንደ ተጋደመ ግንድ ዝም ነው። ሦስት የደወል ሰዓቶች ብረት ድስት ውስጥ ከትቼ አልጋዋ ሥር አስቀመጥኩ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ሲንጫጩ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤት ተነስተው ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ማህሌት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በስንት መከራ ስትነሳም የሚነሳው እግሯ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ታጥባለች፤ ዓይኗን ጨፍና ዳቦ ታኝካለች። አንድ ቀን የእኔን የሥራ ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት ደርሳ ተመልሳለች፤ ብረት ያለው ጫማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እንዴት አልከበዳትም እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።

እኔም ዝም አላልኩም። በየጠዋቱ በሯ ላይ ቆሜ ንግግር አደርግላት ነበር። "እኔ ባንቺ ዕድሜ በመንገድ መብራት ነው ያጠናሁት" እላታለሁ። እናንተን አልዋሽም፤ የእኛ ሰፈር መንገድ መብራት አልነበረውም።

ከዚያ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አብዝታ ትቀራለች፤ በሁለተኛው ትተኛለች፤ በዚህ ከቀጠለች ዓመቱን ትደግማለች፣ ከዚያም ለዩኒቨርሲቲ ከሚያዘጋጀው ከጊምናዚየሙ ወጥታ ዝቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ትዛወራለች ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ሰሞን እንግዶች ፊት "ልጄ ሰነፍ ሆናብኛለች" ብዬ ነበር፤ ማህሌት ከመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከሦስተኛ ፎቅ አቦይ ኢድሪስን ለምክር ጠራናቸው። አቦይ ኢድሪስ አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ለሶላት ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሱ ወገኔ ይሆናሉ ብዬ ነው የጠራኋቸው። የኔን ክስ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ወደይ፣ ልጅቱን ጠይቀሃታል?" አሉኝ፤ ወደይ በትግርኛቸው ልጄ ማለት ነው።

"ምን ብዬ?"

"መቼ እንቅልፍ እንደሚወስዳት።"

እኔ ጥሩወርቅን አየኋት፣ ጥሩወርቅ እኔን አየችኝ። ለካ ስንት ወር ስንጮህባት ማናችንም ይቺን አልጠየቅናትም።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አሏት። "ሌሊት ስንት ሰዓት ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ?"

ማህሌት አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በጀርመንኛ ነው። "ሃልብ ፊር" አለች። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ማለቷ ነው።

"እስከዚያ ምን ትሠሪያለሽ? መብራትሽ እኮ ጠፍቶ ነው የማየው" አልኳት።

"እጠብቃለሁ" አለች፤ ይህቺን በአማርኛ።

"ምን?"

"እንቅልፍ።"

አቦይ ኢድሪስ አመኗት። እኔ አላመንኳትም። "ሐኪም ዘንድ ውሰዷት" ብለው ሄዱ። እኔም ሐኪሙ ስንፍናዋን በማኅተም አረጋግጦ እንዲሰጠኝ ብዬ ተስማማሁ።

የእንቅልፍ ሐኪም የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ሐኪሟ፣ ፍራው ዶክቶር የምንላቸው፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበሩ። ልጅቱ የተኛችበትና የነቃችበት ሰዓት ለአንድ ሳምንት የሚሞላበት ሠንጠረዥ ሰጡን። እሷ ራሷ ትሙላው ቢሉም፣ እኔ እሞላዋለሁ አልኩ። ልይዛት ፈልጌ ነዋ።

ያን ሳምንት በየሌሊቱ በሯን ገርበብ አድርጌ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጬ ጠበቅኋት። በየግማሽ ሰዓቱ "ማህሌት፣ ተኛሽ?" እላለሁ። "ልተኛ ስል ጠየቅከኝ" ትላለች። በሁለተኛው ሌሊት መጠየቁን ተውኩት። ጨለማውን ዓይኔ ሲለምደው አየኋት። በጀርባዋ ተጋድማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ ጣሪያውን ታያለች። መጽሐፍ የለም፣ ቴፕ የለም፣ ስልክ የለም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው መንገድ መንገዱን እንደሚያይ፣ እሷም እንዲሁ ትጠብቃለች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት፣ ስምንት። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና ዓይኗ ተከደነ። ልክ እንዳለችው። በማግስቱም ዘጠኝ ተኩል። በሦስተኛው ቀንም። እኔ በእጄ ካሰርኩት ሰዓት እሷ ትበልጣለች። ልይዛት ቁጭ ብዬ የተያዝኩት እኔ ሆንኩ። ያን ጊዜ ደንግጬ ነበር፤ ይህ የማየው ነገር ስንፍና አይደለም፣ ታዲያ ምንድን ነው አልኩ።

ሠንጠረዡን ሞላሁ፤ ተኛች፣ 9:30። ነቃች፣ 12:30። አምስቱን የትምህርት ቀን እንዲህ ጻፍኩ። ቅዳሜና እሁድን እኔም ተኝቼ ስለነበር ባዶ ተውኳቸው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ጭንቅላታችሁን ይዛችኋል። እኔ ግን ያኔ አልያዝኩም። ሌሊት ላይ፣ ድካም ሲጫነው፣ ሰው የሚቆጥረው በልጅነቱ ሰዓት ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ለጀርመኖች በጀርመን ሰዓት ስናገር ኖሬ፣ እርሳሱ እጄ ላይ ሲሆን ልቤ እንደቆጠረው ጻፍኩት።

ፍራው ዶክቶር ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ቴርሚናችን በማለዳ ስለነበር ማህሌት አጠገቤ ተቀምጣ ግማሿ ተኝቷል።

"ዘጠኝ ተኩል ላይ ትተኛለች" አሉ። "በምሽት?"

"በሌሊት፣ አዎ" አልኩ በኩራት። "በየቀኑ፣ ሳታዛንፍ።"

"አስራ ሁለት ተኩል ላይ ትነቃለች። ከዚያ ተመልሳ አትተኛም?"

"እንዴት ትተኛለች? ተነስታ ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ ዳቦ ትበላለች።"

ፍራው ዶክቶር ቀና አሉ። "አስራ ሁለት ተኩል ላይ ዳቦ ትበላለች?"

"እኛ ቆመንባት ነው እንጂ እሷማ አትበላም ነበር።"

"እርስዎና ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት ትነሳላችሁ?"

"እኔማ ከሷ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሜ ነው የምነሳው።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ብዙ ጻፉ። ወደ ማህሌት ዞረው "ሌሊት ነቅተሽ ትጋደሚያለሽ?" አሏት። "ያ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። "ትምህርት ቤት ይደክምሻል?" "ያ" አለች። የልጅቱ ሰዓት ከቦታው ሸሽቷል፤ ማታ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ኃይለኛ ብርሃን ፊት ትቀመጥ፤ ብርሃኑ ወደ ቦታው ይመልሰዋል አሉን። ይህን ሰዓት እንኳ አልተሳሳትኩም፤ እኔው ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጬ ነው የነገርኳችሁ። ልጅቱ እንደ ሽማግሌ ገና በምሽት ተኝታ እኩለ ሌሊት ላይ የምትነቃ መስሏቸው፣ በብርሃኑ እንቅልፏን ሊያዘገዩላት ነው። እኔ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን አልጠይቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ወረቀቱን ሞኙ ራሱ ሲጽፈውማ አስቡት።

ኃይለኛ ብርሃን ብለውኛል አይደል? ከሥራ ባልደረባዬ የግንባታ ቦታ መብራት ተዋስኩ፤ በሦስት እግር የሚቆም፣ ሰው ሌሊት ቤት የሚሠራበት ዓይነት። ሳሎናችን ውስጥ ስንተክለው የግድግዳው ቀለም ስንት ዓመት እንዳልታደሰ ያኔ ነው የታወቀን። ጥሩወርቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ሽንኩርት ትከትፍ ጀመር። የፎቁ ዘበኛ ፊልም እያነሳን እንደሆነ ሊጠይቀን መጣ። መስኮቱ ላይ ያለው አበባ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አላብብም ብሎ የኖረው፣ በሳምንቱ አበበ። ማህሌት በየማታው ለሦስት ሰዓት ያህል ከፊቱ ተቀምጣ የላቲን ግሥ ታነባለች፤ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ እያበረታታኋት ነው።

እንቅልፏ ወደፊት ሸሸ። ከዘጠኝ ተኩል አስር፣ ከአስር አስራ አንድ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ማህሌት የምትተኛው ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ፤ እኛ ደግሞ የምንቀሰቅሳት አስራ ሁለት ተኩል ላይ።

አንድ ሐሙስ ቀን ጥሩወርቅ መጋዘኑ ድረስ ደወለችልኝ። ማህሌት ከቤት ወጥታለች፤ ትምህርት ቤት ግን አልገባችም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ድምጿ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጥሩወርቅ ጸጥ ስትል ነው የምፈራው። መኪናዬን አስነስቼ የአውቶቡሱን መንገድ ተከትዬ ሄድኩ። በየፌርማታው እቆማለሁ፣ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ ውኃውን ላለማየት ዞር አልኩ። ስንት ጊዜ "ሰነፍ" እንዳልኳት መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ቁጥሩ አላልቅ አለኝ።

ያገኘኋት ሽቫንሃይም፣ አውቶቡሱ የሚያድርበት መጨረሻ ፌርማታ ላይ ነው። ፀጉሩ የሸበተ ሹፌር ከበሩ ሥር ቆሞ ቡና ይጠጣል። ስለ ልጄ ስጠይቀው ጣቱን አፉ ላይ አደረገና ወደ ውስጥ አመለከተኝ። ማህሌት ከኋላ፣ ጉንጯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። የማላውቀው ሰው ካፖርት ተደርቦላታል።

"ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች" አለኝ ሹፌሩ።

"ለምን አልቀሰቀስካትም?"

"እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። እንዲህ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ካፖርቱን ያለበሷት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ሲመለሱ እወስዳለሁ ብለው ወረዱ።"

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ንግግሩን ትቼ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊቷ ላይ የሕፃንነቷ መልክ ተመልሶ ነበር፤ ለዓመታት ያላየሁት። ይህን ያህል የደከመ ሰው በየቀኑ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ላቲን ሊማር መሄዱ ራሱ ምን ዓይነት ጉልበት ነው? እኔ ከሌሊቱ አስር ሰዓት መነሳቴን ጀግንነት ብዬው ስኖር፣ ጀግናይቱ ለካ ከጎኔ ካለው ክፍል ነበረች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ እኔም አልቀሰቀስኳትም። አምስተኛውን ዙር አብሬያት ዞርኩ። ካፖርቱን ለአሮጊቷ መልሰን፣ የኔን ጃኬት ማህሌትን አለበስኳት።

በማግስቱ ፍራው ዶክቶር ዘንድ ያለ ቴርሚን ገባን። ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማህሌት የትናንቱን ቀን ተኝታ ስለዋለች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ነቅታ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው።

"ፓፓ" አለች፤ "ይሄ ያንተ ሰዓት ነው።"

"የማን ሊሆን ኖሯል?"

"ያንተ ሰዓት። የኢትዮጵያ።"

ከዚያ ለፍራው ዶክቶር በጀርመንኛ አስረዳቻቸው፤ አባቴ ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ሁሉም ላይ ስድስት ይደምሩበት አለቻቸው። ፍራው ዶክቶር እርሳስ አንስተው ደመሩ። ዘጠኝ ተኩል፣ ሦስት ተኩል ሆነ። አስራ ሁለት ተኩሉ፣ ስድስት ተኩል። ደምረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"እኔ እኮ" አሉ እየሳቁ፣ "ልጃችሁን እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሳችሁ ዳቦ የምታበሏት መስሎኝ፣ ነገሩን ለማን ልንገር እያልኩ ሁለት ሳምንት ሳስብ ነበር።"

ያን ዕለት ቁጭ ብለው የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰው ውስጡ ሰዓት አለው አሉኝ፤ ተረት አይደለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ፣ ከምስር የምታንስ ነገር ናት። በጉርምስና ዕድሜ ያቺ ሰዓት በብዙ ልጆች ትዘገያለች። በአንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ማህሌት በጣም ትዘገያለች። ልጅቱ ብትፈልግም ያለ ሰዓቷ መተኛት አትችልም፤ ባትፈልግም ያለ ሰዓቷ አትነቃም። "ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ትተኛው ነበር" አሉ። ከምስር የምታንስ ነገር፣ እኔ፣ ጥሩወርቅ፣ ሦስት ደወልና አንድ ብረት ድስት ተባብረን ያላንቀሳቀስናት።

"ታዲያ ወደኋላ እንመልሳት?" አልኩ።

"ወደኋላ መጎተት ከባድ ነው። እርስዎ በመብራትዎ ወደፊት ገፍተዋታል፤ እንግዲያው ወደፊት እንግፋት። በየቀኑ ሦስት ሰዓት እያዘገየን፣ ዙሪያውን ዞራ በዚያ በኩል ማታ ላይ እስክትደርስ። ግን ነቅቶ አብሯት የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል።"

የፋሲካ ዕረፍት ደርሶ ነበር። ከሥራ ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቴን፣ ወስጄ ጉዞውን ጀመርን።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅተን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተኛን። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ቤቱን ጨለማ አደረግነው። ጥሩወርቅ ሥራ ልትሄድ ስትወጣ "ደህና እደሩ" አለችን። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስንነሳ ሾርባ ሠርታ "እንደምን አደራችሁ" አለችን። በሁለተኛው ቀን የምንተኛው እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ መቆየት ነበረብን። ማህሌት ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አላየኋትም። እኔ ግን በዚያ ጠዋት ገበያ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አንቀላፍቼ፣ የሌላ ሰው የዕቃ ጋሪ እየገፋሁ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ስንደርስ ከረጢቱ ውስጥ ስምንት ቆርቆሮ የድመት ምግብ ተገኘ። ድመት የለንም።

በሦስተኛው ቀን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተነስተን እስከ ማግስቱ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነበረብን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠን ካርታ እንጫወታለን። ከተማው ዝም ብሏል። እኔ ስንት ወር ሙሉ ከልጄ ጋር "ተነሺ" እና "አልተነሳሽም" ከሚሉት በቀር ቃል ተለዋውጬ እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። ካርታዬን እያየሁ፣

"እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች ምን ታስቢ ነበር?" አልኳት።

"እሰማችኋለሁ" አለች። አማርኛዋ ሌሊት ላይ ይሻል ነበር፤ የሚያስቸኩላት የለ። "ማማ ታንኮራፋለች። ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል። አንተ ደግሞ ትስቃለህ።"

"እኔ?"

"በእንቅልፍህ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። በጣም ነው የምትስቀው። አንዳንዴ ስም ትጠራለህ፤ 'ተው በቀለ' ትላለህ።"

በቀለ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ያኔ ከሞተ አስራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ለማህሌት ነግሬያት አላውቅም። ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው።

"ቀን ላይ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም" አለች። "መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን እጠብቀው ጀመር። አንተ ሳቅህ ሲያልቅ ነው እኔ የምተኛው።"

ስለ በቀለ ነገርኳት። የቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰፈርተኛውን በየድምፁ እየቀዳ እንዴት ያስቀን እንደነበር፤ ቄሱን፣ ባለሱቁን፣ አባታችንን። ነጋ፤ እኔ ገና እያወራሁ ነበር። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ደርባ ወጥ ቤት ስትመጣ "እስቃለሁ እንዴ በእንቅልፌ?" አልኳት።

"ከተጋባን ጀምሮ" አለች፣ ቧንቧውን እየከፈተች። "ብነግርህ ትተወዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

በአራተኛው ቀን ደረጃ ላይ አቦይ ኢድሪስን አገኘናቸው፤ ለሶላት ተነስተው ነው። እኔ ግድግዳ ይዤ ነው የምወርደው። ማህሌት ክንዴን ይዛኛለች።

"አንተ ነህ የታመምከው ወይስ እሷ?" አሉኝ።

"አብረን ነን አቦይ።"

"ደግ ነው" አሉ። "በርቱ።" ቤታቸው ገብተው ትኩስ ሻይና ቴምር ይዘውልን ወጡ፤ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ፎቁ ሁሉ ተኝቶ ስንጠብቀው ቆየን። ከየበሩ ኋላ የሰው ትንፋሽ አለ። ሠላሳ ቤት ሙሉ ሰው፣ ራሱን ለማያውቀው ነገር አምኖ ሰጥቶ ተጋድሟል። በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ገና ያኔ ነው ያየሁት። ሰው ይህን ሁሉ እምነት ከየት ያመጣዋል ብዬ አቦይ ኢድሪስን ጠየቅኋቸው።

"ደክሞት ነው ወደይ" አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዙሩን ገጠምነው። ማህሌት ስለ አንዲት ጓደኛዋ እየነገረችኝ፣ "እና እሷ ምን አለች መሰለህ" አለችና ዝም አለች። ምን አለች ብዬ ጎንበስ ስል ተኝታለች። ገና ሦስት ሰዓት ከአምስት ነው። ጥሩወርቅን ጠራኋት፤ በሩ ላይ ቆመን፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚያይ ሰው አየናት።

በሽታው በዚያው ጠፋ ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ፍራው ዶክቶር አንድ ሌሊት እንኳን እንዳታመሽ ብለውን ነበር፤ በክረምቱ አንድ የልደት ግብዣ ላይ አምሽታ ያቺ ከምስር የምታንስ ነገር መልሳ ልታመልጥ ሞከረች፤ እንደገና ሮጠን ያዝናት። ዓመቱን ግን ለጥቂት አለፈች። እኔም ከዚያ ወዲህ በማንም በር ላይ ቆሜ ንግግር አድርጌ አላውቅም።

ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ከዕረፍቱ በኋላ ስላለው የመጀመሪያው ሰኞ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ልቀሰቅሳት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ደንግጬ ሳሎን ወጣሁ። ማህሌት ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ከታች ካሉት ዛፎች ላይ ወፎቹ መንጫጫት ጀምረዋል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ቀሰቀሱኝ" አለች። ከዚያ ወደ ዛፎቹ እያየች፣ "በመብራቱ ሰሞን እነሱ ሲጀምሩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። 'ተኚ፣ ተኚ' የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን 'ተነሺ' ነው የሚሉት። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ፓፓ።"

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከነሱ ቀድሜ ስነሳ ምን እንደሚሉ ሰምቼ አላውቅም። ወንበር አወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንደኛዋ ወፍ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ከማዶ ትመልሳለች፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ያወራሉ። ማህሌት በጣቷ የትኛዋ የት እንዳለች ታሳየኛለች። ሰማዩ ከግራጫ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ነጭ ሲሄድ እናያለን። ጥሩወርቅ ከውስጥ ወጥታ "አውቶቡሱ ከሄደ እኮ ሃያ ደቂቃ ሆነው" ስትለን ነው የነቃነው።